ደረቁ የጀርመን ቀይ ወይን ከዝይ ጥብስ ጋር ይሻላል ወይስ ከዶሮ ወጥ ጋር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጀርመን አገር ማይንስ ከተማ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን በስጦታ ሰጥተውኛል። መለያው ላይ ‹ሽፔትቡርጉንደር›፣ ‹ሽፔትሌዘ ትሮክን›፣ ‹ባደን› እና ‹ኢሪንገን› የሚሉ ቃላት፣ 2019 የሚል የአውሮፓውያን ዓመትና 13.5 በመቶ የሚል የአልኮል መጠን ሰፍሮበታል። አንዲት ጓደኛዬ ሽፔትሌዘ ሁልጊዜ ጣፋጭ ነው ትለኛለች። በኅዳር መጀመሪያ አምስት ሰዎች ለእራት ጠርቻለሁ፤ ከእነሱ መካከል ሁለቱ ሐበሾች፣ ሦስቱ ጀርመናውያን ናቸው። ዝይ ልጥበስ ወይስ ዶሮ ወጥ ልሥራ እያልኩ እያመነታሁ ነው። ወይኑ ከየትኛው ጋር ይሄዳል? ፍሪጅ ውስጥስ ይቀመጣል?»

መልስ፦ ወይንዎ ደረቅ ነው እንጂ ጣፋጭ አይደለም። ከዝይ ጥብስ ጋር በሚገባ ይስማማል፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ቢቀርብ ግን ወይኑም ወጡም ይጎዳሉ። ፍሪጅ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ቢቆይ ይሻሻላል። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ከወይኑ ይልቅ ምግቡን በጥቂቱ ማስተካከል ስለሚቻልና አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረውም ከጎን በሚቀርበው ነገር ስለሆነ ነው።

ጓደኛዎ እንዲህ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሞዘል ሸለቆ የሚመጣው፣ ሪዝሊንግ ከሚባለው ነጭ የወይን ዝርያ የሚሠራው ሽፔትሌዘ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭ ስለሆነ፣ ቃሉን ከጣፋጭነት ጋር ማያያዝ በጀርመናውያን ዘንድም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሽፔትሌዘ የሚለው ደረጃ የሚናገረው ፍሬው በተለቀመበት ጊዜ ጭማቂው ምን ያህል ስኳር እንደነበረው ብቻ ነው። ያ ስኳር በመብላላት ሂደት ወደ አልኮል ተለውጦ ሊያልቅም፣ ሂደቱ በመሐል ተቋርጦ ሊቀርም ይችላል። በጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን የሚነግረን ትሮክን፣ ማለትም «ደረቅ»፣ የሚለው ቃል ነው። በሕጉ መሠረት ትሮክን በተባለ ወይን ውስጥ የሚቀረው ስኳር በአንድ ሊትር ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ስኳሩ ከወይኑ አሲድ በ2 ግራም ብቻ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚበልጥ ከሆነ ግን እስከ 9 ግራም ይፈቀዳል። ስለዚህ በሊትር 5 ግራም አሲድ ያለው ቀይ ወይን 7 ግራም ስኳር ይዞም ትሮክን ሊባል ይችላል። በ4 ግራም ሒሳብ ካሰብነው፣ የሦስት ሩብ ሊትር ጠርሙስ በሙሉ የሚይዘው 3 ግራም ስኳር ሲሆን ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

መለያው ላይ ያለው የአልኮል መጠንም ይህንኑ ይመሰክራል። አንድ ሽፔትሌዘ 8 ወይም 9 በመቶ አልኮል ብቻ ካለው ከስኳሩ ከፊሉ ሳይለወጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ 13.5 በመቶ ከደረሰ ግን ስኳሩ አልኮል ሆኗል። መደብር ውስጥ ቆመው ቃላቱ ግራ ሲያጋቡዎ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ይመልከቱ።

ሽፔትቡርጉንደር ፈረንሳዮች ፒኖ ኗር የሚሉት የወይን ዝርያ ነው። ይህን ዝርያ በስፋት በማልማት ጀርመን ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ቀጥላ በሦስተኛ ደረጃ ላይ ትገኛለች፤ በጀርመን ውስጥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የያዘው በደቡብ ምዕራብ ያለው የባደን አውራጃ ነው። የእርስዎ ጠርሙስ የመጣባት ኢሪንገን የምትገኘው ከፍራይቡርግ ብዙ ሳይርቅ፣ በራይን ወንዝ አጠገብ በተነሣው ካይዘርሽቱል በተባለው ኮረብታማ ስፍራ ግርጌ ነው። ካይዘርሽቱል ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ቅሪት ሲሆን፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነፋስ ያመጣው ቢጫማ ለስላሳ አፈር በብዙ ቦታ ተከምሮበታል። ከጀርመን በጣም ሞቃት ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ በመሆኑም ፍሬው በደንብ ይበስላል፤ ወይኑም ከሰሜኖቹ አውራጃዎች ወይን ይልቅ ሞላ ያለ፣ የበሰለ ቼሪ ጣዕም ያለውና አሲዱ የለዘበ ይሆናል። ከቦን በስተደቡብ ባለው በአር ሸለቆ፣ ጥቁር ሰሌዳማ ድንጋይ ባለባቸው ገደላማ ቦታዎች ላይ የሚበቅለው ሽፔትቡርጉንደር ጠባዩ ለየት ይላል፤ ቀጠን፣ ጠንከር፣ ትንሽም ጨው ጨው ያለ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ የአሩን አስበልጣለሁ፤ ለዝይ ጥብስ ግን የእርስዎ የባደን ወይን ይሻላል።

ጠርሙሱን ከፍተው ሲቀዱ ቀለሙ ስስ ሆኖ፣ ከብርጭቆው ማዶ ጣትዎን የሚያሳይ ቀይ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ። የዚህ ዝርያ የፍሬ ቆዳ ስስ ስለሆነ ቀለሙም ታኒኑም፣ ማለትም አፍን የሚያስረውና ድድን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር፣ ከሌሎች ቀይ ወይኖች ያነሰ ነው። በሌላ በኩል አሲዱ ንቁ ነው። ዝቅተኛ ታኒንና ንቁ አሲድ አንድ ላይ መገኘታቸው ይህን ወይን ከምግብ ጋር ለማስማማት ቀላል ያደርገዋል፤ ከዓሣ ሳይቀር የሚጠጣ ቀይ ወይን የሆነውም ለዚህ ነው።

መለያው ሁልጊዜ የማይነግረን አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። በጀርመን ቀይ ወይን በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው፣ የተፈጨው ፍሬ ከነቆዳው ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት እንዲብላላ ይደረግና ቀለምና ታኒን ቀስ ብሎ ይወጣል። በሁለተኛው፣ የተፈጨው ፍሬ ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ይሞቅና ቀለሙ ከወጣ በኋላ ተጨምቆ፣ ጭማቂው ብቻውን እንደ ነጭ ወይን እንዲብላላ ይደረጋል። በሁለተኛው መንገድ የተሠራው ወይን ርካሽ፣ ለስላሳና የፍራፍሬ ሽታው ጎልቶ የሚወጣ ቢሆንም ታኒኑ ደካማ ስለሆነ ቅባት የበዛበትን ሥጋ አይቋቋምም። በጀርባው መለያ ላይ «ማይሼጌሩንግ» የሚል ቃል ካገኙ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «ባሪክ» የሚል ካለበት ደግሞ በትንሽ የኦክ በርሜል ተኝቷል ማለት ነው፤ የቫኒላ፣ የቅርንፉድና የጭስ ሽታም ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጥቂት አምራቾች ይህን አሠራር በቁም ነገር እስከያዙበት ጊዜ ድረስ የጀርመን ሽፔትቡርጉንደር ስስና ስኳር ስኳር የሚል መጠጥ ነው እየተባለ ይናቅ ነበር። ከእነዚህ አምራቾች አንዱ የባደኑ፣ የማልተርዲንገን ሰው ቤርንሃርት ሁበር ነበሩ። የአየር ንብረቱ መሞቅም፣ ለሌላው ሰብል ስጋት ቢሆንም፣ ለዚህ ዝርያ እስካሁን የጠቀመ ይመስላል።

አሁን ወደ ማዕዱ እንለፍ። ቀይ ወይን ከቀይ ሥጋ፣ ነጭ ወይን ከነጭ ሥጋ የሚለው አባባል ብዙ አይጠቅምም። የሥጋው ቀለም ሳይሆን ስጎው፣ አበሳሰሉና ከጎን የሚቀርበው ነገር ነው ወይኑን የሚያነሣው ወይም የሚጥለው። ቅባትና ጨው ወይኑን ያለሰልሱታል። በምግቡ ውስጥ ያለ ኮምጣጣነት የወይኑን አሲድ ያበርደዋል። ስኳር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ማር ከላሱ በኋላ ብርቱካን እንደሚጎመዝዝ ሁሉ፣ ከጣፋጭ ምግብ በኋላ የተጎነጩት ደረቅ ወይን የሳሳና የኮመጠጠ ይመስላል።

ዝዩ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በጀርመን በኖቬምበር 11 ቀን በሚከበረው የቅዱስ ማርቲን በዓል ሰሞን የሚበላው ዝይ ሆዱ ውስጥ ፖም፣ ሽንኩርትና ባይፉስ የሚሉት፣ ከእኛ አሪቲ ጋር የሚዛመድ መራራ ቅጠል ይጨመርበትና ቆዳው ቀልቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ በምድጃ ይጠበሳል። ሥጋው ጥቁርና ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ቅባቱ ደግሞ ብዙ ነው። የወይኑ አሲድ ቅባቱን ከአፍ ያጥባል፣ ትንሹ ታኒን ከሥጋው ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ይለሰልሳል፣ የባይፉሱ ምሬትም ከወይኑ የቼሪ ፍሬ ጣዕም ጋር ይመጣጠናል። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከዝዩ ጎን ከሚቀርበው ቀይ ጥቅል ጎመን ጋር ነው። ይህ ጎመን በፖም፣ በሆምጣጤ፣ በቅርንፉድና በስኳር ይበስላል፤ ብዙ ቤት ደግሞ መጨረሻ ላይ የቀይ ፍሬ ማርማላታ ይጨመርበታል። በብልቃጥ ታሽጎ የሚሸጠው ጎመን ደግሞ ከቤቱ ይልቅ ይጣፍጣል።

ከእንግዶቹ በፊት ራስዎ ይሞክሩት። አንድ ጉንጭ ወይን ብቻውን ይቅመሱ፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጎመን ጎርሰው ወዲያው ወይኑን ይጎንጩ፤ ቀጥሎ የዝዩን ቆዳ በትንሽ ጨው ቀምሰው እንደገና ይጎንጩ። ከጎመኑ በኋላ ፍሬው ጠፍቶ አሲዱ ብቻውን ከቀረ ስኳሩ በዝቷል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ስኳሩን በግማሽ ቀንሰው ፖሙን ያብዙ፣ አንድ ብርጭቆ ደረቅ ቀይ ወይን ከጎመኑ ጋር አብረው ያብስሉ፣ በመጨረሻም አንድ ማንኪያ የዝዩን ስብ ይጨምሩበት። ማርማላታውን ይተዉት። አብሮ የሚቀርበው፣ ከድንች ተድቦልቡሎ የሚቀቀለው ክሎስ ገለልተኛ ስለሆነ ለወይኑ አያስቸግርም። ለስጎውና ለጎመኑ የስጦታውን ወይን አያፍስሱ፤ ማንኛውም ርካሽ ትሮክን ቀይ ወይን ይበቃል።

ይኸው የስኳር ጉዳይ ዛወርብራተን በሚሉት ምግብም ላይ ይነሣል። የበሬ ሥጋ ለቀናት በሆምጣጤና በወይን ተዘፍዝፎ ቀስ ብሎ የሚበስል ሲሆን፣ በራይንላንድ አሠራር ስጎው ላይ ዘቢብ፣ ሹገር ቢት ከሚባለው የስኳር ሥር የሚወጣ ጥቁር ሽሮፕና የቅመም ብስኩት ይገባበታል። በዚህ መልክ ከተሠራ ደረቁን ሽፔትቡርጉንደር አላቀርብም። ዘቢቡና ሽሮፑ የሌለበት የደቡቡ አሠራር ግን ጥሩ ይስማማል።

ከሌሎቹ የጀርመን ምግቦች መካከል የአጋዘን ጥብስ በእንጉዳይ ስጎ ለዚህ ወይን ከሁሉ የተሻለ ጓደኛው ነው እላለሁ፤ ወይኑ እያረጀ ሲሄድ የደን አፈርና የእንጉዳይ ሽታ ስለሚያወጣ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሽቫቤኖች የሚባሉት የደቡብ ምዕራብ ጀርመን ሰዎች በተጠበሰ ሽንኩርት የሚያቀርቡት የበሬ ጥብስም፣ ሽፔትስሌ ከሚሉት የእንቁላል ፓስታ ጋር የሚቀርበው ምስርም ይስማማሉ። የባደን ሰዎች ለገና በጭስ የታጠነ የአሳማ ወርች ከዚሁ ወይን ጋር ይበላሉ፤ ይህ በአብዛኞቻችን ቤት ስለማይገባ አላረዝመውም። ዓሣ ለሚወዱ፣ በምድጃ የተጠበሰ ሳልሞን ከቀለል ያለና ቀዝቀዝ ካለ ሽፔትቡርጉንደር ጋር ይሄዳል፤ በኦክ በርሜል ከተኛው ጋር ግን አይሞክሩት።

ስለ ዶሮ ወጥ በግልጽ ልናገር። አልኮልና የበርበሬው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር በአፋችን ውስጥ የሚቀሰቅሱት አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሰማ ነርቭን ነው። ስለዚህ 13.5 በመቶ አልኮል ያለው ወይን የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ የተቃጠለው ምላስ ደግሞ የወይኑን ስስ ፍሬ ሊቀምስ አይችልም፤ ታኒኑና ምሬቱ ብቻ ይቀሩታል። በዚያ ላይ ለሰዓታት የበሰለው ሽንኩርት ራሱ ጣፋጭ ነው። ዶሮ ወጥ ለመሥራት ከወሰኑ ይህን ጠርሙስ ለሌላ ቀን አስቀምጠው፣ አልኮሉ ከ8 እስከ 10 በመቶ የሆነ፣ ትንሽ ስኳር ያለው የሪዝሊንግ ካቢኔት በደንብ አቀዝቅዘው ያቅርቡ። ስኳሩ ማቃጠሉን ያበርዳል፣ አሲዱ ቅቤውን ያጥባል። ጀርመናውያን እንግዶችዎም ይህን ሲቀምሱ የሚደነቁ ይመስለኛል። ጠጅ ካለዎትማ የተሻለ ነው።

ከሐበሻ ምግብ ሁሉ ግን ይህ ወይን አይሸሽም። አዋዜ ያልገባበት፣ በሥጋ መጥበሻ ቅጠልና በንጥር ቅቤ የተጠበሰ የበግ ወይም የበሬ ጥብስ ከሽፔትቡርጉንደር ጋር በጣም ያምራል። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም እንዲሁ፤ ሚጥሚጣው ግን ለየብቻ በትንሽ ሰሃን ይቅረብና የፈለገ ይጨምር። የኮረሪማው ሽታ በኦክ ከተኛው ወይን ቅመማ ቅመም ጋር ሲገናኝ ማየት ደስ ይላል። የበግ አልጫ፣ እርድና ዝንጅብሉ እስካልበዛ ድረስ፣ ይሄዳል። እንጀራው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይረዳል፤ ኮምጣጣነቱ የወይኑን አሲድ ስለሚያለዝብ ወይኑ ይበልጥ ክብ ሆኖ ይሰማል። ጽጌ ጾምን የሚጾም እንግዳ ካለዎት በዘይትና በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ እንጉዳይና የምስር አልጫ ያቅርቡ፤ ሁለቱም ከወይኑ ጋር ይስማማሉ። እንግዲህ ምርጫው ዝይና ዶሮ ወጥ ብቻ አይደለም፤ እኔ ብሆን ከእንጉዳዩ ጀምሬ ዝዩን ዋና ምግብ አደርግና ለሐበሾቹ ትንሽ ጥብስ ከእንጀራ ጋር ጎን ለጎን አቀርባለሁ።

ስለ አቀራረቡ፦ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚባለው ማሞቂያ ባልነበረበት ዘመን ለነበረ ክፍል ነው። በ22 ዲግሪ ሳሎን ውስጥ ይህ ወይን አልኮሉ ጎልቶ ይደክማል። ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ሲሆን ይሻለዋል፤ ስለዚህ ከመቅረቡ በፊት ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ደግሞ ቀድመው ያውጡት፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይሻክራል። ሆዱ ሰፋ ያለ ብርጭቆ ይምረጡና እስከ ሲሶው ብቻ ይቅዱ። የ2019 ወይን ከእራቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢከፈት ይበቃዋል። ሲከፍቱት እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ አየር በማስገባት አይድንም፤ አያቅርቡት።

አይብ ካቀረቡ ጠንካራ የተራራ አይብ ይሁን፤ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት አይብ ወይኑን ያስመርረዋል። ከቸኮላትና ከኬክ ጋር ግን ይቅርብዎ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ አንድ ጠርሙስ ስድስት ትንንሽ ብርጭቆ ብቻ ስለሚወጣው እርስዎን ጨምሮ ለስድስት ሰው ለአንድ ዙር ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሌላ መግዛት ያስፈልግዎታል። ዶርንፌልደር የሚባለው ጥቁር ቀለም ያለው ወይን ርካሽ ሆኖ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በቫይንስቤርግ ተዳቅሎ የተገኘ ዝርያ ነው። ብዙው «ሊብሊሽ» ተብሎ በጣፋጭ መልክ ስለሚሸጥ መለያውን ሳያዩ አይግዙ። ከበግ ጥብስ ጋር የሚሆን ጠንከር ያለ ከፈለጉ የቩርተምበርግን ሌምበርገር ይምረጡ። የሚቀለው ግን ቅርብ መሄድ ነው። ከማይንስ በባቡር ብዙ የማትርቀው ኢንግልሃይም በቀይ ወይኗ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሽፔትቡርጉንደርም፣ ከእሱ ቀደም ብሎ የሚደርሰው ፍሩቡርጉንደርም ይበቅልባታል። ከዚያ ሁለት ጠርሙስ ቀለል ያለ፣ በርሜል ያልነካው ትሮክን ገዝተው ከእንጉዳዩ ጋር መጀመሪያ ያቅርቡ፤ የኢሪንገኑን ዝዩ ሲቆረጥ ይክፈቱት።